የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ ስደተኞችና ስለ ሥራ የሚመክር የግዛት አማካሪ ቡድን

በዚህ እትም መልስ የምንሰጥባቸው አራት ጥያቄዎች ከተለያዩ ሰዎች ቢደርሱንም ጉዳያቸው ስለሚገናኝ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ጠያቂዎቻችን በሜሪላንድ የሚኖሩ በመሆናቸው መልሱም በአመዛኙ የዚያን ግዛት አሠራር ይከተላል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የአንድ የኮሚኒቲ ማኅበር የቦርድ አባል ነኝ። ከሌሎች አገሮች ተወላጆች ማኅበራት ጋር በመሆን፣ በስደተኞችና በሰው ኃይል ጉዳይ የግዛቱን አስተዳደር የሚያማክር ቡድን እንዲቋቋም ለገዥው ደብዳቤ ልንጽፍ ተስማምተናል። ይሁን እንጂ ከመካከላችን አንዳንዶቹ በገዥው ትዕዛዝ ቢቋቋም ይፈጥናል ሲሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ በሕግ ካልሆነ ለስሙ ያህል ተቋቁሞ ይቀራል ባዮች ናቸው። የትኛው ይሻላል? በደብዳቤውስ ምን ብንጠይቅ ይበጃል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ በመጀመሪያ፣ ሐሳቡ አዲስ አለመሆኑን ማወቅ ይጠቅማችኋል። የኢሊኖይ ገዥ በ2005 ባወጡት ትዕዛዝ «አዲስ አሜሪካውያን» ብለው የጠሯቸውን ስደተኞች ጉዳይ የሚመለከት የፖሊሲ ምክር ቤት አቋቁመዋል። ኒው ጀርሲ በ2007፣ ዋሽንግተን ግዛትና ማሳቹሴትስ በ2008 ተመሳሳይ ሥራ ጀምረዋል። በሜሪላንድም ገዥ ማርቲን ኦማሊ በዲሴምበር 2008 በፈረሙት ትዕዛዝ የአዲስ አሜሪካውያን ምክር ቤት ተቋቁሞ በ2009 ሪፖርቱን አቅርቧል። ስለዚህ ደብዳቤያችሁ «በግዛታችን ታሪክ ታይቶ የማይታወቅ» በሚል ዓይነት አነጋገር ባይጀምር ይመረጣል። ደብዳቤው የሚደርሰው የገዥው ጽሕፈት ቤት ባልደረባ መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ «ያኛው ምን ጎደለውና ሌላ እንጨምር?» የሚል መሆኑ አይቀርም። የ2009ኙን ሪፖርት አግኝታችሁ የትኛው ምክር እንደተፈጸመና የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደቀረ በሁለት አንቀጽ ብታሰፍሩ ከማንኛውም የመግቢያ ቃል የበለጠ ክብደት ይኖረዋል።

በትዕዛዝና በሕግ መካከል ያለው ልዩነት በእርግጥ ቀላል አይደለም። የገዥው ትዕዛዝ በኮሚቴ መሰማትም ሆነ ድምፅ ማግኘት አያስፈልገውም፤ በተፈረመ ማግስት አባላትን መሰየም ይቻላል። ነገር ግን የዛሬው ገዥ የፈረሙትን የነገው ገዥ በፊርማ ሊሽሩት ይችላሉ፤ በሕግ አውጪው የጸደቀን ሕግ ደግሞ ትዕዛዝ ሊለውጠው አይችልም። በሕግ ይቋቋም ከተባለ የግዛቱ ሕግ አውጪ የሆነው ጠቅላላ ጉባኤ የሥራ ዘመን እስኪደርስ መጠበቅ ግድ ነው። ጉባኤው በየዓመቱ በጃንዋሪ ወር ሁለተኛ ረቡዕ ተከፍቶ ለ90 ቀናት ይሠራል። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ረቂቁ በስሙ የሚያቀርበው ተወካይ ወይም ሴናተር ማግኘት፣ ወጪው ተሰልቶ የበጀት ማብራሪያ ሊዘጋጅለት፣ በሁለቱም ምክር ቤቶች ኮሚቴ ፊት መሰማትና ድምፅ ማግኘት አለበት። ረቂቁን የሚያቀርብለትን ሰው ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ባሉት ወራት ያላነጋገረ ማኅበር ጃንዋሪ ላይ በር ቢያንኳኳ ሰሚ የማግኘት ዕድሉ ጠባብ ነው።

በሕግ የተቋቋመ ሁሉ ዘላቂ ነው የሚለው እምነት ግን የግዛቱን ዋና ከተማ አናፖሊስን በቅርብ ለሚያውቅ ሰው አያስኬድም። በሜሪላንድ ግብረ ኃይል የሚያቋቁሙ ሕጎችን ከመጨረሻ ገጻቸው ጀምራችሁ አንብቡ፤ ከዓመት ዓመት ተመሳሳይ አንቀጾች ታገኛላችሁ። አባላቱ ደመወዝ አይከፈላቸውም፤ የጉዞ ወጪያቸው በግዛቱ ደንብ መሠረት ይተካላቸዋል። ቡድኑ ግኝቱንና ምክሩን በተቆረጠ ቀን፣ ብዙውን ጊዜ በዲሴምበር 1፣ ለገዥውና ለጠቅላላ ጉባኤው ያቀርባል። ከዚያም ሕጉ አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ጸንቶ ሌላ እርምጃ ሳያስፈልግ ራሱ ይሻራል። አባላቱ ተሰይመው እስኪያልቁ ክረምቱ ስለሚያልፍ፣ ሪፖርቱ በጥቂት ስብሰባዎች መካከል በጥድፊያ የሚጻፍበት ጊዜ አለ። በሕግ የሚቋቋመውን መንገድ ከመረጣችሁ እንግዲህ በመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው የመሻሪያ አንቀጽ ዋናው የድርድር ነጥባችሁ መሆን ይኖርበታል።

በእኔ እምነት ከትዕዛዝና ከሕግ ምርጫ የሚበልጠው ጥያቄ፣ ቡድኑ ምክር በሰጠ ጊዜ መልስ የመስጠት ግዴታ የሚወድቀው በማን ላይ ነው የሚለው ነው። ለዚህ ሚኒሶታን የመሰለ ማሳያ የለም። የዚያች ግዛት ምክር ቤት በ2014 በውጭ አገር የሠለጠኑ ሐኪሞችን ጉዳይ የሚያጠና ግብረ ኃይል በሕግ ሲያቋቁም ሥራውን ለጤና ኮሚሽነሩ ሰጠ፤ ርእሰ ጉዳዩንም በአንድ ሙያ ወሰነው። ግብረ ኃይሉ ስለ ስደተኞች አስተዋፅኦ በጥቅሉ ከመናገር ይልቅ አንድ ሐኪም ወደ ሥራው ለመመለስ የሚያልፍባቸውን በሮች በየተራ መረመረ። ፈተናዎቹን በሙሉ ያለፉ ሐኪሞች ጭምር የሬዚደንሲ (ሐኪሞች በሆስፒታል እየሠሩ የሚሠለጥኑበት) ቦታ በማጣት እንደሚቀሩ፣ ምክንያቱም ሆስፒታሎቹ ከተመረቀ ብዙ ዓመት የሆነውንና በአሜሪካ የክሊኒክ ልምድ የሌለውን አመልካች ስለሚገፉ መሆኑን ለይቶ አስቀመጠ። ሪፖርቱ በ2015 መጀመሪያ ቀረበ፤ ምክር ቤቱም በዚያው ዓመት ለእነዚህ ሐኪሞች የድጋፍ ፕሮግራም በሕግ አቋቁሞ በጀት መደበለት። በአሜሪካ የመጀመሪያው እንዲህ ዓይነት የግዛት ፕሮግራም ይኸው ነው፤ ገንዘቡም ለክሊኒክ ልምምድና ለእነርሱ ለተለዩ የሬዚደንሲ ቦታዎች ዋለ። አጥኚው፣ ተጠያቂውና ፈጻሚው አንድ መሥሪያ ቤት መሆኑ የፈጠረው ፍጥነት ነው።

በሜሪላንድ ይህን ለማድረግ አንድ እንቅፋት አለ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን፣ የቧንቧ ሠራተኛውን፣ የሒሳብ አዋቂውንና የፀጉር ባለሙያውን የሚመለከቱት የፈቃድ ቦርዶች በግዛቱ የሥራ መሥሪያ ቤት ሥር ናቸው። የነርሶች፣ የሐኪሞች፣ የፋርማሲስቶችና የጥርስ ሐኪሞች ቦርዶች ደግሞ በጤና መሥሪያ ቤቱ በኩል ናቸው። «የሰው ኃይል» የሚለውን ቃል ያነበበ ሁሉ ቡድኑን ወደ ሥራ መሥሪያ ቤቱ መምራቱ አይቀርም። በዚያ ብቻ ከተቀመጠ ከወገኖቻችን ብዙውን የያዘው የጤና ሙያ ጉዳይ ሲነሳ በስብሰባው ላይ «ይህ የእኛ ሥልጣን አይደለም» ከሚል መልስ ሌላ አይገኝም። ስለዚህ የሁለቱም መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች ወይም በእነርሱ ስም መወሰን የሚችሉ ሰዎች አባል እንዲሆኑ፣ የፈቃድ ቦርዶቹም ለሚቀርብላቸው ምክር በተወሰነ ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲመልሱና የማይቀበሉትን ምክር ምክንያት እንዲገልጹ በማቋቋሚያው ላይ ይጻፍ። ከደብዳቤያችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይቀበላችሁ ቢባል ይህኛው እንዲሆን እመኛለሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው የገንዘብ ጉዳይ ነው። የ2014ቱ የፌዴራል የሰው ኃይል ሕግ፣ በእንግሊዝኛ ምሕፃሩ «ዊኦዋ» የሚባለው፣ እያንዳንዱ ግዛት የሰው ኃይል ቦርድ እንዲኖረው ያዛል። ከቦርዱ አባላት የሚበዙት አሠሪዎች፣ ቢያንስ 20 በመቶው ደግሞ የሠራተኛ ማኅበራትና የሠራተኛው ወገን ተወካዮች ናቸው። የሥልጠናው፣ የሥራ ማፈላለጊያ ማዕከላቱና የእንግሊዝኛ ትምህርቱ ገንዘብ የሚመራው ይህ ቦርድ በሚሠራበት የአራት ዓመት ዕቅድ ነው፤ ዕቅዱ በሁለት ዓመቱ ይከለሳል። የአሁኑ ዕቅድ ከ2024 እስከ 2027 ያለውን ዘመን ይሸፍናል። አማካሪው ቡድን ምክሩን የሚያቀርብበት ቀን ቀጣዩ ዕቅድ ከመረቀቁ በፊት እንዲሆን ጠይቁ፤ ዕቅዱ ከጸደቀ በኋላ የሚመጣ ሪፖርት ጥሩ ንባብ ከመሆን አያልፍም።

ለአሠሪዎች የሚሆን ማስረጃ ካስፈለጋችሁ ማይግሬሽን ፖሊሲ ኢንስቲትዩት በ2016 ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ያወጣውን ጥናት ማንሳት ትችላላችሁ። በአሜሪካ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ የኮሌጅ ምሩቃን ስደተኞች ከትምህርታቸው በታች በሆነ ሥራ ላይ ወይም ያለ ሥራ እንደነበሩና በዚህ የተነሳ በየዓመቱ 39 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚሆን ደመወዝ እንደሚቀር ጥናቱ ገምቷል። ቁጥሩ የመላ አገሪቱ ስለሆነ የሜሪላንድ አስመስላችሁ እንዳትጠቅሱት ተጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ በኢትዮጵያ በ2006 በፋርማሲ የአራት ዓመት ዲግሪ ተመርቄ ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። ይህ አማካሪ ቡድን ቢቋቋም ላይሰንሴን ለማግኘት ይረዳኛል? ልጠብቅ ወይስ ሌላ ነገር ልጀምር? (ከጌተርስበርግ)

መልስ፦ እባክዎ አይጠብቁ። ማሳቹሴትስ በውጭ አገር የሠለጠኑ የጤና ባለሙያዎችን ጉዳይ የሚያጠና ልዩ ኮሚሽን በ2019 የበጀት ሕግ አቋቋመች፤ ሪፖርቱ የወጣው በ2022 ነው፤ ሐኪሞችን የሚመለከተው አዲስ መንገድ ሕግ ሆኖ የተፈረመው በኖቬምበር 2024 ነው። ይህም የሆነው ነገሩ በተሳካበት ግዛት ነው።

የእርስዎ ጉዳይ ደግሞ የራሱ ቋጠሮ አለው። የውጭ አገር ፋርማሲስቶችን ትምህርት መርምሮ የምስክር ወረቀት የሚሰጠው የግዛት የፋርማሲ ቦርዶች ብሔራዊ ማኅበር ነው። ማኅበሩ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2003 በፊት ለተመረቁ የአራት ዓመት ትምህርትን ሲቀበል፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለተመረቁት ቢያንስ የአምስት ዓመት ትምህርት ይጠይቃል። እርስዎ በ2006 በአራት ዓመት ዲግሪ ስለተመረቁ በዚህ መስመር መካከል ወድቀዋል፤ ከእርስዎ አራት ዓመት ቀድሞ በዚያው ሥርዓተ ትምህርት የተመረቀ ሰው ግን በሩ አይዘጋበትም። ይህ በችሎታ የመጣ ልዩነት አይደለም፤ የተቆረጠው ቀን ያመጣው ነው። መስፈርቱን ሜሪላንድ ብቻዋን አላወጣችውም፤ ሆኖም የሜሪላንድ ቦርድ የዚያ ማኅበር አባል ነው። አማካሪው ቡድን ሊሠራው የሚችለው ሥራ እንግዲህ ይህ ነው፦ የጎደለውን አንድ ዓመት በግዛቱ የፋርማሲ ትምህርት ቤቶች በሚሰጥ ተጨማሪ ትምህርት ወይም ክትትል በሚደረግበት ልምምድ ማሟላት ይቻል እንደሆነ ቦርዱን በይፋ መጠየቅ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከአንድ ግለሰብ ሲቀርብ የሚሰጠው ምላሽ መመሪያው ምን እንደሚል ማስታወስ ብቻ ነው፤ በሕግ የተቋቋመ አካል ሲጠይቅ ግን ጥያቄውም መልሱም በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል።

እስከዚያው በሜሪላንድ የፋርማሲ ቴክኒሻን ሆኖ መመዝገብ የሚቻል ሲሆን፣ ምዝገባውን የሚሰጠው ያው የፋርማሲ ቦርድ ነው። ከዲግሪዎ በታች መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም ከመጋዘኑ ወደ መድኃኒቱ ይመልስዎታል፣ የአገሩንም አሠራርና የመድኃኒት የንግድ ስሞች ያለማምድዎታል። ወደ ቦርዱ ከመሄድዎ በፊት ግን ዲግሪዎንና የትምህርት ማስረጃዎን ከዩኒቨርሲቲዎ በቀጥታና በታሸገ ፖስታ የማስላኩን ሥራ ይጀምሩ። የትኛውንም መንገድ ቢመርጡ ይህ ወረቀት መጠየቁ ስለማይቀር፣ ቤተ ዘመድ በሬጅስትራር በር ላይ የሚቆምበትን ጊዜ ቀድሞ ማስጀመሩ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ ጥገኝነት ጠይቄ ውሳኔ እየተጠባበቅሁ ነው። ቡድኑ የሥራ ፈቃድ ቶሎ እንዲሰጠን ማድረግ ይችላል? (ከላንጊሊ ፓርክ)

መልስ፦ አይችልም። የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ ሕጉም የጥገኝነት ማመልከቻው ከገባ 180 ቀን ሳይሞላ ፈቃድ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ይህን ገዥም ሆነ የግዛት ምክር ቤት ሊያሳጥረው አይችልም። ሊያሳጥርልዎ የሚችል የሚያስመስል ሰው ካጋጠመዎት፣ በተለይም ገንዘብ ከጠየቀዎት፣ ፊትዎን ያዙሩበት።

በግዛቱ እጅ ያለው የሙያ ፈቃድ ነው። በ1996 የወጣው የፌዴራል ሕግ የመኖሪያ ሁኔታቸው ላልተስተካከለ ሰዎች የሙያ ፈቃድ መስጠትን ቢገድብም፣ ግዛቶች በራሳቸው ሕግ በግልጽ እንዲፈቅዱ ቦታ ትቶላቸዋል። ካሊፎርኒያ በ2014 ይህን ተጠቅማ የፈቃድ ቦርዶቿ በመኖሪያ ሁኔታ ምክንያት አመልካችን እንዳይከለክሉ ደንግጋለች። የሥራ ፈቃድዎ በእጅዎ ሲገባ ደግሞ ቀደም ብለን ባነሳነው የ2014 ሕግ በሚደገፉት የሥራ ማዕከላት ለሥልጠና ማመልከት ይችላሉ። ግሪን ካርድ ለዚያ ግዴታ አይደለም፤ ብዙዎች ግን እንደዚያ እየመሰላቸው ሳይሄዱ ይቀራሉ።

ጥያቄ፦ በአንድ ስብሰባ ላይ ለአፍሪካውያን ሁሉ አንድ ወንበር ብቻ እንደሚኖር ሰማን። የእኛ ማኅበራት ማን ይወከል በሚለው ላይ መስማማት አልቻሉም፤ እንዲያውም ተኳርፈዋል። ለቡድኑ ለመጠቆም ምን ማድረግ ይገባናል? ካልተወከልንስ ድምፃችን በምን ይሰማል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ በወንበሩ መኳረፍ ከመጀመሪያውም አላስፈላጊ ነው እላለሁ፤ የወንበሩ አከፋፈል ራሱ ትክክል አይደለምና። ለአንድ አህጉር አንድ ወንበር የተሰጠ እንደሆነ የተቀመጠው ሰው የሚናገረው በጥቅሉ ይሆናል፤ ሰሚውም በጥቅሉ አመስግኖ ያልፋል። ከዚያ ይልቅ ወንበሮቹ በሙያና በሥራ ሁኔታ ቢከፈሉ ያዋጣል፦ ፈቃዱን እየጠበቀ ያለ በውጭ አገር የሠለጠነ ነርስ፣ በቤት ለቤት እንክብካቤ የምትሠራ ሠራተኛ፣ የራሱን ንግድ የከፈተ ሰው፣ የጎልማሶች እንግሊዝኛ አስተማሪ። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ከእነዚህ በአንዱ ወይም በሌላው ወንበር ላይ አማርኛ ተናጋሪ መገኘቱ የማይቀር ነው፤ ማንም ማንንም ሳያስኮርፍ።

ጥቆማው የሚቀርበው ለገዥው የሹመት ጽሕፈት ቤት ነው፤ ማመልከቻውም የሚሞላው በድረ ገጹ ነው። የሴኔት ማጽደቅ የሚያስፈልጋቸው ሹመቶች በጉባኤው 40ኛ ቀን በአረንጓዴ ቦርሳ ተይዘው ወደ ሴኔት ይገባሉ። ይህ ከቅኝ ግዛት ዘመን ጋር የተያያዘ የሜሪላንድ ወግ ለማየት ደስ ይላል፤ አማካሪ ቡድኖች ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ቦርሳ ውስጥ ስለማያልፉ ፌብሩዋሪን መጠበቅ የለባችሁም። ከማመልከቻው ጋር የሚያያዘው የማኅበር ድጋፍ ደብዳቤ ከሦስት የተለያዩ አገሮች ማኅበራት የመጣ ቢሆን፣ ከአንዱ የራስ ማኅበር ብቻ ከመጣው ይልቅ ይደመጣል።

ሳትወከሉ ብትቀሩም በሩ አይዘጋም። የሜሪላንድ የክፍት ስብሰባዎች ሕግ በገዥ ትዕዛዝ የተቋቋሙትን አካላት ጭምር ስለሚያጠቃልል ስብሰባው አስቀድሞ መታወጅ አለበት፤ ማንም ሰው ገብቶ መከታተል፣ ቃለ ጉባኤውንም መጠየቅ ይችላል። የመናገር ዕድል ግን ሕጉ በራሱ አይሰጥም፤ ስለዚህ በማቋቋሚያው ላይ በየስብሰባው ለሕዝብ አስተያየት ጊዜ እንዲመደብና አስተርጓሚ እንዲቀርብ ካሁኑ ጠይቁ። ለቋንቋው ጉዳይ የጎረቤት ምሳሌ አላችሁ። በዋሽንግተን ዲሲ የ2004ቱ የቋንቋ ሕግ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግለው ሕዝብ 3 በመቶው ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ አነስተኛው፣ የሚናገረው ቋንቋ ካለ ዋና ዋና ሰነዶቹን በዚያ ቋንቋ እንዲተረጉም ያዛል፤ አማርኛም በዚሁ መሠረት ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው።

የመናገሪያው ጊዜ ሲሰጣችሁ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው። የእኛ ሰው ሰብሳቢውን፣ አባላቱን፣ ያስተናገዱትን ሁሉ በስም እየጠራ አመስግኖ ሲጨርስ ደወሉ ይደወልበታል፤ ባህላችን ያኮራል፣ ሰዓቱ ግን አይጠብቅም። ተናጋሪዋ ለምሳሌ ነርስ ከሆነች ከየት እንደተመረቀች፣ ማመልከቻዋን ለየትኛው ቦርድ በየትኛው ወር እንዳስገባች፣ የትኛው ወረቀት ስንት ጊዜ እንደተመለሰባት፣ ለማስረጃ ምርመራው ምን ያህል እንደከፈለች፣ ዩኒቨርሲቲዋ በእንግሊዝኛ አስተምሯት ሳለ የእንግሊዝኛ ፈተና ተጠይቃ እንደሆነ፣ አሁን በሰዓት ስንት እየተከፈላት ምን እንደምትሠራ ትናገር። በመጨረሻም እንዲለወጥ የምትፈልገውን አንድ ነገር ብቻ ትጥቀስ። ንግግሯን በጽሑፍ አድርጋ፣ ከእያንዳንዱ ደብዳቤ ቅጂ ጋር የግል ቁጥሮቿን ሸፍና፣ ለቡድኑ ጸሐፊ ትስጥ። በቃል የተነገረው በቃለ ጉባኤው ላይ በአንድ መስመር ሊጠቃለል ይችላል፤ በጽሑፍ የገባው ግን ሪፖርቱን የሚጽፉት ሠራተኞች ዘንድ ይደርሳል፤ ረቂቁን የሚጽፉት አብዛኛውን ጊዜ አባላቱ ሳይሆኑ እነርሱ ናቸው።